የድንጋይ ወንፊት

ባጃጁ ከዳገቱ ሥር አራግፎን ሲመለስ፣
እናቴ ሱገን ሻሿን አጠበቀች፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደርስ።
ሰባ ዓመት በቡንዲ፣ ከዚህ ግንብ ሥር ኖራ፣
ቀና ብላ እያየችው፣ ልጅ ወልዳ፣ ባል ቀብራ፣
አንድ ቀን አልገባችም፤ ማን ጠርቷት፣ በምን ጉዳይ?
ቤተ መንግሥት ለእኛ ሰፈር እንደ ጋራ ነው፣ እንደ ሰማይ፤
አለ ብቻ፤ ይታያል፤ ደመና ያርፍበታል፤
"ገባሁበት" ያለ ሰው ይሳቅበታል።

እናቷ ግን፣ አያቴ፣ ውኃ ቀጂ ነበረች፣
እስከ ሦስተኛው በር ብቻ መንገዱን የቆጠረች።
ከዚያ ሌላ ሴት ትወጣለች፣ ሙሉውን እንስራ ተቀብላ፣
ባዶውን ትመልሳለች። ያ ነው፤ ሌላ ቃል የለ፣ ሌላ።
ሠላሳ ዓመት ወጣች፣ ሠላሳ ዓመት ወረደች፣
የውስጡን ግድግዳ ቀለም ሳታውቅ ሄደች።

ትኬት ቆራጩ ልጅ ነው፣ ዓይኑን ከስልኩ ያልነቀለ፤
"ለአዛውንት ግማሽ ነው" አለ።
እናቴ ሙሉውን ሰጠችው፣ ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ፤
"ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእናቴ" አለች፣ ተረጋግታ።
ልጁ ዙሪያዋን ቃኘ፤ ከእኔ በቀር ሰው አጣ፤
ትከሻውን ነቀነቀና ሦስት ትኬት አወጣ።

ዱርጃን ሲንግ፣ ዘበኛው፣ ጢሙን እንደ ቀንድ ያቆመ፣
ሳንጠይቀው ከፊታችን ቀደመ።
"ይህ የዝሆኑ በር፤ ይህ የዙፋኑ፤ ይህ አዳራሽ…"
አባቱም አያቱም ዘበኛ፤ እሱም የዚያ ወራሽ።
ሦስተኛው በር ላይ እናቴ ደፉን በእጇ ዳሰሰች፣
ከዚያ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ገሰገሰች።

ንጉሥ የለ፣ ንግሥት የለች፤ የሌሊት ወፍ ነው ያለው፣
እልፍ አእላፍ፣ ከጣሪያው ቁልቁል የተሰቀለው፤
ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።
"ከእነዚህስ ታስከፍላለህ?" ስትለው፣ በጢሙ ሥር ይስቃል።

የሥዕሉ ክፍል አረንጓዴ፣ የዝናም ማግስት ይመስላል፤
ክሪሽና ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ የታጣቢዎቹን ልብስ ሰቅሎ ያባብላል፤
ፈረስ፣ ርችት፣ የዝሆን ጠብ፣ መብረቅ ያስበረገጋት ሙሽራ።
እናቴ ግድግዳውን ተጠግታ አየች፣ በተራ በተራ።
"እንስራማ ሞልቷል" አለች፤ "በወርቅ ቅብ ተሥሏል፤
የተሸካሚዎቹ እግር ግን ሁሉም ታጥቧል።"

ላይኛው ፎቅ መስኮት አለ፣ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ፣
እንደ ወንፊት፣ ብርሃን አሳልፎ፣ ፊት ከልሎ።
"ንግሥቶቹ በዚህ ነበር ከተማውን የሚያዩ፣
ሰልፉን፣ በዓሉን፣ ገበያውን፣ እነሱ ሳይታዩ።"
እናቴ ጫማዋን አወለቀች፤ ማንም አላዘዛት።
ዓይኗን ካንዲት ቀዳዳ አስጠጋች፤ ነፋሱ አስነባት።

እኔም ሌላ ቀዳዳ መረጥኩ። ቡንዲ ከታች ተዘርግታለች፤
ታጥባ ታጥባ እንደ ሳሳች ጨርቅ፣ ሰማያዊ ቀለሟን ለቃለች።
የቃሪያ ክምር፤ አንድ ዝንጀሮ አንቴና ላይ፤
የሚለማመድ የሠርግ ባንድ፣ ጥሩምባው የማይታይ።

"ጣሪያችን ያ ነው" አለች፤ "ያሰጣሁት በርበሬ ቀላ።
ጉድጓዱ ግን የለም፤ ውጦታል የመቅደሱ ጥላ።
መንገዱም አይታይም። እኔ ግን ወደዚህ ቀና ስል፣
'ይኸው ያዩኛል' እያልኩ ሻሼን ሳስተካክል፣
ወገቤ እየተቆረጠ፣ ጀርባዬን ሳቀና…
እናቴም እንዲሁ ትል ነበር፤ 'ተራመጂ በጤና፣
ከላይ ሰው አለ' እያለች። ማንም አላየንም ለካ!"
ሳቋ ባዶውን ክፍል ዞረ፤ የሌሊት ወፎቹን ነካ፤
ተግተልትለው ወጡ፤ ዱርጃን ሲንግ ጎንበስ አለ፣
ጥምጣሙን በሁለት እጁ ይዞ፣ የአያቱን አምላክ እየማለ።

ስንመለስ በጉድጓዱ በኩል ሄድን፤ የደረጃው ጉድጓድ፣
ወደ ምድር ሆድ ቁልቁል የሚነጉድ፣
የተገለበጠ ቤተ መንግሥት፤ ዓምድ አለው፣ ቅስት አለው፤
ታቹ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስና አረንጓዴ ውኃ ነው።
ከአፉ ድንጋይ ላይ ገመድ ያረሰው ቦይ ይታያል፤
የእናቴ ጣት ሲገባበት፣ እስከ ሁለት አንጓ ይውጠዋል።
"ይሄን እነሱ አልሠሩትም" አለች፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ቀረች።
ባጃጅ ጠራሁ። ሰማንያ ሲላት፣ እስከ ስልሳ ተከራከረች።