ተፍር

ስሳፈር የማውቀው፣ ፊትና ኋላን ነው፤
በሬም በቅሎም ሰውም፣ ሌላ ጫፍ የሌለው።
ናኾዳ ጁምዓ ግን፣ ሻርጃ ወደብ ኖሮ፣
"ገመድ" ስል ይቆጣል፣ ግንባሩን ቋጥሮ።

"ገመድ ማለት" ይላል፣ "ሱቅ ያለው ጥቅል ነው፤
ጀልባ ላይ ሲወጣ፣ ሥራ አለው፣ ስም አለው።
ይህ ደረቷ ሰድር፣ ያ ጭራዋ ተፍር፣
ሳትጠራ አትንካ፣ ሳታውቅ አትናገር።"

እኔ የሐይቁ ልጅ፣ በታንኳ ያደግሁት፣
ለእንጨት ይህ ሁሉ ስም? ብዬ ሳቅሁበት።

አንድ ሌሊት፣
ሽንኩርትና ጎማ ጭነን፣
ነፋሱ ከግንቡ ጋር ሲያላትመን፣
ሐሩን፣ የኩቹ ሰው፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ
በሞተሩ ጩኸት መሃል
"የኋላውን ልቀቅ!" አልሁት።

የእኔ ኋላ ሰድር።
የእሱ ኋላ ተፍር።

የራሱን ለቀቀ።
ጭራዋ ተወረወረች፤
ገመዱ (ይቅር በለኝ ናኾዳ)
ያ ስም ያለው ነገር
እያፏጨ ሲሄድ
ሁለት ጣት ይዞ ሄደ።

ናኾዳው አልጮኸም።
ፋኖስ አምጥቶ፣ ወለሉን በባልዲ አጥቦ፣
"የማን ኋላ?" አለኝ።

በእኛ ቋንቋ ኋላ፣ ቦታም ነው፣ ጊዜም ነው፤
ሁለቱንም እኔ፣ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሐሩን አሁን ወጥ ይሠራል፣
ሽንኩርቱን በሦስት ጣት ይዞ።
ሳልፍ ቢላዋውን አንሥቶ
"ተፍር!" ይለኛል፣ በሰላምታ ፈንታ።
"ተፍር" እለዋለሁ።
አጥርቼ፣
አንድም ፊደል ሳልበላ።