አጥንት ቆጠራ

የሒሳብ መምህሬ ሚስተር ሴልቫራጅ፥
ሽምብጥ የተከራየው ከወፍጮ ቤት ደጅ፥
ቅዳሜ ከሰዓት ደብዳቤ ይዞ መጣ፥
የታላቅ ወንድሙን የቀይ ቀለም ቁጣ።
«ሰፈሬ ተጣላ» አለኝ ባማርኛ
(የሱም ቋንቋ ግሱን ያስቀራል እንደኛ)፤
«ለጥንቱ ንጉሣችን ሐውልት ሊቆም ታስቦ፥
ገንዘቡ ተዋጥቶ፥ ድንጋዩ ተጠርቦ፥
ከእግሩ ሥር የሚጻፍ የዘሩ ስም ሲቀር፥
አራሹ ‹ከኛ ነው› ብሎ ማለ ባፈር፤
ባለ ጦሩም ‹ከኛ› ብሎ ማለ በጦር፤
አጥማጁ ግን መጣ የመዳብ ሳንቲም ይዞ፥
ሁለት ዓሣ አለበት ጅራቱ ተያይዞ፤
‹ይኸ ነበር› አለ ‹የንጉሡ ማኅተም፤
ዓሣ የሚያውቅ ንጉሥ ከኛ ሌላ የትም!›
ሦስቱም ጠበቃ አላቸው። ሦስቱም መጽሐፍ አላቸው።
ድንጋዩ ባዶ ነው። ፖሊስ ነው የቆመው።»

«አንተስ ከየትኛው?» ብዬ ብጠይቀው፥
ደብዳቤውን አጥፎ ከደረቱ ከተተው።

አልፈረድሁበትም። በዚያው ሰሞን እኔ
መርዓዊ ልኬ ነበር ሽማግሌ ለጎኔ።
አለቃ ተድባበ፥ የትርንጎ አባት፥
ጣት እያጠፉ ነው የሚቆጥሩ ሰባት ቤት።
አባቴን አለፉ፥ አያቴን አለፉ፥
ከቅድመ አያቴ ላይ ብርሌውን ደፉ።
«ሴትየዋ...» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፥
«ከደንገል ቆራጮች...» ቀረ ተንጠልጥሎ።
ከኋላቸው ደግሞ በመስተዋት ታጥሮ
የራሳቸው ሐረግ፥ ከሰሎሞን ጀምሮ፥
መሐል ላይ ቀለሙን ዝናብ ያጠበው፥
ስድስት ትውልድ ያህል የማይነበበው።
ያን ግን ማንም አልቆጠረም።
ትርንጎም ከጓዳ ድምፅዋ አልተሰማም።

ለሚስተር ነገርሁት እሑድ፥ መንገድ ላይ።
ቆመና በስንጥር አስፋልቱ ዳር፥ አፈር ላይ፥
«ሁለት ወላጅ፥ አራት፥ ስምንት፥ ዐሥራ ስድስት፥
ሰባተኛው ቤትህ መቶ ኻያ ስምንት።
ኻያኛው ቤት» አለኝ «ሚሊዮን ያልፋል፤
ንጉሡም፥ ፋቂውም፥ ሌባውም ይጠፋል።»
ትንሽ ዝም አለና፥
«ወንድሜ ይህን ያውቃል። መሐንዲስ ነው» አለ።
ጋሪ መጣና ቁጥሩን ረግጦት አለፈ።

እንዲህ ስንጨዋወት ደረስን ከጣና።
እንድሪስ ሽፋው ደንገል ያስራል ተንበርክኮ፥
ገመዱን ሁለቴ አዙሮ፥ በሥር አሾልኮ፥
ጫፉን በጥርሱ ይዞ፥ ወደ ኋላ ስቦ።
«እኛ የፈርዖን ነን» አለን ሳንጠይቀው፥
«ዓባይን ሽቅብ ነው የመጣን፥ በዚሁ።»
አምባዛ ገዢዎች ተንከተከቱ፤ አንዷ
ዘንቢሏን አስቀምጣ፥ ሆዷን በእጇ ይዛ፥
«ጉማሬ በሊታ ፈርዖን!» ብላ ጮኸች።
እሱ ቀና አላለም። ስንት ጊዜ ሰምቶት።
ሚስተርም አልሳቀም። እንደ ፈተና ቀን
መነጽሩን አውልቆ፥ «ማስረጃው?» አለና
ጠበቀ።
«ይኸው» አለ እንድሪስ፥
ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ።
«ስንት ዘመን ይኖራል?»
«ውሃ እስኪጠግብ ነው። አንድ ወር፥ ሁለት ወር።
ከዚያ ሌላ አስራለሁ።»

እጄን ዘረጋሁኝ ወደ ዳጋ ደሴት፤
«እዚያ ተኝተዋል፥ በመስተዋት ሣጥን፥
የቀድሞ ነገሥታት፥ አጥንታቸው ብቻ።»
«በምን ተሻገሩ?» አለ ሚስተር፥ ቀስ ብሎ።
እንድሪስ ሌላ እስር ደንገል ወደ ጉልበቱ አስጠግቶ፥
«አጥንት ከብዶን አያውቅም» አለ፤
ወዲያው ደግሞ፥ «ትሳፈራላችሁ? ዐሥር ብር ነው ለሰው።»

ተሳፈርን። ሱሪያችን እስከ ጉልበት ራሰ።

ማታ መልስ ጻፈ። ምን እንዳለ አላውቅም።
ከግርጌው ላይ ብቻ ዓሣ ሥሎ አየሁት፥
አንዱን። ሁለተኛው ሳይጀመር ቀረ።
«ቴምብር አበድረኝ» አለ።

እኔም ቤት ገብቼ እናቴን ጠየቅኋት
የዚያችን ሴትዮ፥ የቅድመ አያቴን ስም።
ሽንኩርት ለገበያ፥ ጆንያ ታስራለች።
«ኧረ ማን አውቆት፥ ረስቼዋለሁ» አለች።
ገመዱን ሁለቴ አዙራ በሥር አሾለከች፥
ጫፉን በጥርሷ ይዛ
ወደ ኋላ ሳበች።