የተምጫ ደብተር

ማለዳ አሥራ ሁለት፣ ጭጋግ ሳይገላለጥ፣
አያ ፈንቴ ወርዶ ዳሩ ላይ ሲቀመጥ፣
ከውሃው መሐል ቆሟል ቁጥር ያለው ብረት፣
መንግሥት የተከለው ተምጫን ሊያውቅበት።
«አንድ ሜትር ከአሥር» ይጽፋል በእርሳስ፤
ከቁጥሩ ጎን ደግሞ፣ ደመወዝ በማይደርስ
በጠባቡ ኅዳግ፣ ወረቀት ሲተርፈው፣
ማንም ያላዘዘው ሌላ ነገር አለው።

ሐምሌ አምስት፤ ሦስት ሜትር ከሃያ።
የጥሩሰው ጊደር ሄደች ከመሻገሪያ።
ጥቅምት ሰባት፤ ሰማንያ አንድ። ጉሬዛዎች መጡ፤
ሾላው ላይ አራት ሆነው ቅጠል ሸመጠጡ።
ጥር አሥር፤ ስድሳ። ታቦት ወርዶ አደረ፤
የዲያቆኑ ጫማ ሄደ፤ በባዶ እግሩ ዘመረ።
የካቲት አሥር፤ ሠላሳ ሁለት። ድንጋዩ ታየ።
አምባዛ የወጋው ልጅ ዋለ እየየ፣ እየየ።

ያ ድንጋይ ሲወጣ ዶቅሚት ድሮን ስታወራ፣
ጨው ገንዘብ ሳለ ነው፣ ድልድይ ሳይሠራ፤
ቅፍለት እዚህ ሲያርፍ፣ በቅሎ ሲራገፍ፣
ቀራጩ በድንጋይ አንድ ጭረት ሲጽፍ።
ስንቱን እንዳስከፈለ ይናገራል ጎኑ፤
ስንቱን እንደዋጠ ግን አልተጻፈም ምኑ።

ኋላ ድልድይ መጣ፣ ኖራ በእንቁላል ተመትቶ፤
የመንደሩ ዶሮ፣ ይላሉ፣
ያን ዓመት አልፈለፈለም ከቶ።
በጠላት ጊዜ ደግሞ፣ ያው የገነቡት እጆች
መሐሉን ናዱት ሌሊት፤ ቅስቱን ወረሱት ርግቦች።
ቀላድ ጣዩ ሲመጣ መሬቱን ሊለካ፣
ገመዱን ጥሎ ሮጠ፤ ዶቅሚት አላስነካ።
«መሬት ለኪ ያባረረ ጎጃም» ይላል ፈንቴ ሲስቅ፣
«ውሃ ለኪን ግን ቀለበ። ይኼ እንዴት ይታወቅ?»

ዘንድሮ አሸዋው በአይሱዙ ተጫነ፤
ባህር ዛፉ ከላይ ምንጩን መጠጠ፤
ወንዙ መነነ።
ጉሬዛዎቹም የሉም፤ ሾላው ሲቆረጥ ሄዱ፤
ወደ ብር ወንዝ ይላሉ፤ አልታወቀም መንገዱ።
ብረቱ ከደረቅ ቆመ፣ ፍየል ታከከችበት፤
ዜሮ መጻፍ ነበረ፣ እጁ እምቢ አለበት።
ከቁጥሩ መስመር ላይ ባዶውን ተወና፣
ኅዳጉ ደፍርሶ መጣ፣ ዳሩን ጣሰና፣
ጽሑፉ ፈሰሰ ወደ ቁጥሩ ማሳ፦
ግንቦት ሁለት፤ ... ። ዶቅማው ጠቁሯል።
ዓሣ አጥማጅ ወፍ መጥቶ፣ ቆይቶ፣ ተነሣ።