ባንድ ቅርንጫፍ

የካቲት በኡላንባታር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ከተማዋ እስከ ዐይኗ የከሰል ጭስ ለብሳ፣
ኦዩንገሬል ምድር ቤት ጓንቷን እያጠበቀች፣
የአራተኛ ፎቅን ደም በየተራው ደረደረች።

መቶ ሃያ ሰው ተኝቷል፤ መቶ ሃያ ብልቃጥ፤
አንዷን በረዶ አንሸራቷት፣ አንዱን ሆዱ ሲያስምጥ።
ጉበቴን ብሎ የመጣ የለም፤ ጉበት መች ይናገራል?
እንደ ጭነት ግመል ዝም ብሎ አርባ ዓመት ይሸከማል።
እኛ የወፍ ያልነውን እነሱ ቢጫ ይሉታል፤
ቢጫው ዐይን ላይ እስኪወጣ ስንት ዘመን ያልፈዋል።

ሠላሳው "ሲ" ሆነ። ጻፈች፤ ቆጠረች፤ ደገመች።
"ከአራት አንድ" አለች፤ ሻይዋን ሳትነካ አቀዘቀዘች።
ቀጥላ ዘሩን ጠየቀች፤ ቫይረስም ዘር አለውና፣
አባት ቆጥሮ የሚወርድ በአራት ፊደል ጎዳና።
አንድ-ቢ፣ አንድ-ቢ፣ አንድ-ቢ፤
አንድ ሁለት-ኤ፤ ደግሞ አንድ-ቢ።

ማሽኑ ዛፍ ሣለላት፣ ቅጠሉ የተበተነ፤
አሥራ ሰባትና ስልሳ ሁለት ግን ባንድ ቅርንጫፍ የሆነ፣
ፊደል ለፊደል መንታ፣ ልዩነቱ የመነመነ።

ማናቸው?

አሥራ ሰባት ኔርጉይ ናት፣ የጫማ ሶል የምትሰፋ፤
ኔርጉይ ማለት "ስም የለሽ"፣ ለሞት አድራሻዋ እንዲጠፋ።
ስልሳ ሁለት ዳምዲንሱረን፣ የከሰል መኪና ሾፌር።
እስከዚህ ሳምንት ድረስ ሰላም ተባብለው አያውቁም ነበር።

ፋይል ገለጠች፦ አንድ ወረዳ፣ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት።
ሰልፍ ታያት፤ የልጅ ክንድ፣ እጅጌ ሽቅብ የወጣበት፤
የብርጭቆ ስሪንጅ፤ ስትዶለዱም በድንጋይ የምትሳል
አንዲት መርፌ፤ ውኃው ገና ሳይፈላ ተራው ይደርሳል።
ነርሷ ክፉ አልነበረችም፤ በፈረስ ነው የመጣች፣
ልጅ እንዳይሞትባት ብላ ስንት በረዶ ያቋረጠች።

ግን ይሄን ማንም አላየም። ዛፍ ምስክር አይሆን፤
ዝምድና ይናገራል እንጂ ማን እንደያዘ አይልም መርፌዋን።

"አንድ-ቢ፣ የቅርብ ተዛማጅ" ብላ ሪፖርቱን ፈረመች።
ከዚያ አራተኛ ፎቅ ወጣች፤ ለምን እንደሆን ሳትጠይቅ ራሷን።

ኮሪደሩ ጫፍ፣ ማሞቂያው ሥር፣ ዳምዲንሱረን እግሩን ሲያሞቅ፣
ኔርጉይ ጫማውን አየችው፤ ሶሉ አፉን ከፍቶ ሊላቀቅ።
"ወዲህ በል" አለች። ክርና መርፌ ከሻርፗ ጫፍ መዘዘች።
እሱ ደረቅ እርጎ ከኪሱ አውጥቶ
ጉልበቱ ላይ ለሁለት ሰብሮ
ትልቁን ሰጣት።

"የማን ልጅ ነሽ?" አላት፣ "የማን ዘር ነሽ?"

ሳቀች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።
ስሟን ነገረችው፦ ስም የለሽ።