አሥራ ስምንትና ሃያ ስምንት

ሚያዝያ አጋማሽ ነው፤ ቆርቆሮ እንደ ቅቤ የሚነጠርበት፣
ጣና ራሱ ላብ ላብ የሚለው፣ ነፋስ የጠፋበት።
ስልኬ ጮኸ። አቶ ስንሻው፦ "ልጄ፣ ቶሎ ድረሺልኝ፤
ይህ የግድግዳ ቴርሞስታት ከሚስቴ ጋር አጣላኝ።"
ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ፒንሳ ይዤ፣ በባጃጅ ሽምብጥ ገባሁ፤
የግቢው ማንጎ ሥር ሁለቱን ጀርባ ሰጣጥተው አገኘሁ።

አቶ ስንሻው ሠላሳ ዓመት ከጀልባ ሞተር ጋር የኖሩ፣
ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ ናፍጣ እየሸተቱ የዞሩ፤
ወይዘሮ ይታይሽ ደግሞ ከጉና ግርጌ፣ ውርጭ ያሳደጋቸው፣
አርባ ዓመት ባሕር ዳር ኖረው ሙቀቱ ያልገባቸው።

"አሥራ ስምንት ላይ አድርጌ ስተኛ፣ ይነሳል እንደ ሌባ፤
ሃያ ስምንት ያደርግና፣ እኔን እንደ ጎመን ድስት ሊያስገባ!"
"እሷ ናት!" አሉ ባልየው፣ "ሌሊት ጣቷ አያርፍም፤
ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አንድ ቀን እንቅልፍ አልጠግብም።"

እኔ በሥራዬ ከሰው በፊት ሽቦ ነው የማምነው።
ሳልባቢታውን አየሁ፦ ወደ ላይ ነው፤ ደህና ነው።
መብራት አለ፣ ዛሬስ ተመስገን። ማጣሪያውን ፈታሁት፤
የሐይቅ ትንኝ አመድ መስሎ ሞልቶታል፤ በብሩሽ ጠረግሁት።
ፋኑ ይዞራል። እጄን ብዘረጋ፣
የቤቱን አየር ለቤቱ መልሶ ያድላል፤ አይበርድ፣ አይሞቅ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው መጣሁ፣ ወደዚያ ክብ ነገር፤
ቁጥሩ በጣት ብዛት ተፍቆ፣ ሃያው ሊጠፋ ሲያጣጥር።
ፀሐይ ትመታዋለች? በዚያ በኩል መስኮት የለም።
ፍሪጁ አጠገቡ ይተነፍሳል? እሱም እዚያ አይደለም።
አራት ብሎን ነበረው፤ አራተኛው ዝጎ አስለመነኝ፤
ከፍቼ ወደ ውስጥ ሳይ
ያየሁት ነገር ገረመኝ፦
ሁለቱ ሽቦ
ተለያይተው፣
ጫፋቸው ክሬም ቀለም ጠጥቶ፣
አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣
እንደ ተኳረፈ ሰው፣ አፉን ዘግቶ።

ለልጃቸው ሠርግ፣ በጥር፣ ቤቱን የቀባው ጎረምሳ
ነቅሎት፣ ቀብቶ፣ መልሶ ሰቀለው፤ ሽቦውን ግን ረሳ።

በጣቴ ቆጠርኩ፦ የካቲት፣ መጋቢት፣ ይኸው ሚያዝያ።
ይህ ክብ በዚህ ሁሉ ጊዜ
ማንንም አላዘዘም፣ ማንም አልታዘዘውም።
አቶ ስንሻው ግን በርዷቸዋል፤ እውነት ነው፣ አስለዋል፤
ወይዘሮ ይታይሽም በላብ ሁለት ትራስ ቀይረዋል።
ልንገራቸው? "በባዶ ክብ ነው የተጣላችሁ" ልበል?
ወይስ ሰው ከነገሩት በላይ የተሰማውን ያምናል?

ዝም ብዬ ቀለሙን በምላጭ ፋቅሁ፣ ጫፉን ከጫፍ አጠመድኩ፤
"ሽቦ ላልቶ ነው" አልኩ፤ ውሸት አይደለም፣ ሙሉውንም አልተናገርኩ።
ጠቅ አለ። ውጪ ያለው ማሽን እንደ አሮጌ ጀልባ አጉረመረመ፤
አቶ ስንሻው ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙት፤ ፊታቸው ለመለመ።
ስድስት መቶ ብር ከፈሉኝ፤ ማንጎ በፌስታል ጨመሩልኝ።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ይታይሽ፦
"ልጄ፣ ምን አድርገሽው ነው የሄድሽ?
አሥራ ስምንት እንዲህ ነው እንዴ? እኔ ራሴ ተንቀጠቀጥኩ፤
ስንሻው በሃያ ስምንቱ ሸሚዝ አወለቀ፤ እኔም ሳቅሁ።
ድሮ ልኩን ያውቅ ነበር፤ አሁን የነገሩትን ሁሉ ያደርጋል።
ትናንት አጥፍተን፣ መስኮት ከፍተን፣ አጎበር ዘርግተን አደርን፤
እባክሽ እንደ ድሮው አድርጊልን።"

ሄድኩ። ካቻቢቴ ብቻ ይዤ።
ሁለቱም ከኋላዬ ቆሙ፤ ትከሻቸው ሊነካካ ትንሽ ቀርቶት።
አራተኛው ብሎን ዛሬ አላስለመነኝም።
ሽቦዎቹን አላቅቄ፣ ጫፋቸውን በፕላስተር ጠቀለልኩ፣
ክቡን መልሼ ሰቀልኩ።
"ሞክሩት" አልኩ።
ወይዘሮ ይታይሽ አዞሩት። "አሁን ገና!" አሉ።

ብር አልተቀበልኩም። አቶ ስንሻው ግን ደረሰኝ ካልጻፍሽ አሉ፤
"የተሠራው ሥራ" የሚለው መስመር ላይ
እስክሪብቶዬን ይዤ
ቆየሁ።