ሳትነሣ የቀረች ካርድ

ስምንት ወር ባጀሁ እንደ ገባ ሱባዔ፣
ጠብ እርግፍ እያልኩኝ ለሁለት ቀን ጉባዔ፤
ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ ዝናብ በማይጠግባት፣
ዘጠና የሙዚየም ሰው ሊሰበሰብባት።

በጀት አጭር ብርድ ልብስ፤ ለምሳ ስስበው፣
አዳራሹ ራቁቱን፤ ለአዳራሽ ስስበው ምሳው ራሱ ራበው።
ወንበር ከደብሩ፣ ድስት ከትምህርት ቤት፣
ማጉያ ከእሳት አደጋ፣ ጠረጴዛ ከጎረቤት።
ኤደልሚራ ቆጥራ «አንዱ ድስት ክዳን የለው» አለች፣
የዓሣ ነባሪውን ጎድን በጨርቅ እየወለወለች።
ሌሊት እባንናለሁ፦ ሥጋ የማይበላው ምን ይብላ?
በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣው ደረጃውን በምን ልሙላ?
ለርዕሱ ቃል ስንመርጥማ ሦስት ሳምንት ፈጀን፣
በአንዲት «እና» ተጣልተን በአንድ ሌሊት አረጀን።

ዋዜማውን ስም ስጽፍ በየካርዱ ላይ ቁጭ ብዬ፣
ሳቅ አፈነኝ ለብቻዬ።
ለመቅዘፊያ፣ ለመንጠቆ፣ ለሸክላ ስብርባሪ፣
ኖሬ ኖሬ ስም ጸሐፊ፣ ቁጥር አሳሪ፣
ለካ ሰውም ይታሰራል፣ በገመድ፣ በአንገቱ፤
ስሙ፣ የተገኘበት ስፍራ፤ የጎደለው ዓመቱ።

መጡ። ጀልባው አወረዳቸው፣ ጃንጥላቸው ተገልብጦ፣
ሰላምታቸው በንፋስ ግማሽ በግማሽ ተቆርጦ።
አንዱ ስለ ብል አወራ፣ አንዷ ስለ ሻጋታ፣
አንዱ ስለ ብርሃን መጠን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፤
ይኸው ሰው ሲናገር መብራቱ ድርግም አለ፤
«ለቅርሱስ ይሄ ይሻላል» ቢል አንዱ፣ ያልሳቀ የለ።
በማግስቱ ክርክሩ ጦፈ፤ በጎብኚ ቁጥር ነው ሁሉም፤
ብዙ ያላቸው ሲኩራሩ፣ ጥቂት ያላቸው ቀና አላሉም።
የአቋም መግለጫ አነበቡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተቃቀፉ፣
ካርዳቸውን ቅርጫት ውስጥ ጥለው ወደየመጡበት ከነፉ።

በጠረጴዛው ጠርዝ ቀረች አንዲት ካርድ ሳትነሣ፤
«ሉድጋርዳ ናሁዌልኪን»፣ ያልፈረመች፣ ያልበላች ምሳ።
ከወዲያ ደሴት ናት፤ አንድ ክፍል ሙዚየም ያላት፤
ሁለት ቀን ሙሉ ማዕበሉ «አይቻልም» ያላት።

ወንበር ስናነባብር፣ ዘበኛው ኖልቤርቶ መብራት ሊያጠፋ፣
በሩ ተገፋ።

ካፖርቷ ባሕር ያንጠባጥባል፤ ሳጥን አቅፋለች፤
«አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበረኝ፤ አለፈኝ?» አለች።
ማን ደፍሮ ይመልስላት? ከቁልሉ ሦስት ወንበር ወረደ፤
ካርዷ አንገቷ ገባ፤ ጉባዔው ከሀ ተነሥቶ ሄደ።

ሳጥኑን ከፈተች፦ ያረጀ የጎብኚ መዝገብ፤
ገጽ በገጽ አንድ ስም ነው፣ እሑድ እሑድ የሚነበብ።
ኩስቶዲዮ፣ ዓሣ አጥማጁ። የሟች ወንድሙን መቅዘፊያ
በእጁ አምጥቶ አስረከባት፤ ከዚያ ወዲያ
እሑድ አይቀርም፤ ይፈርማል፤ ቆሞ ያያትና ይወጣል፤
«አስተያየት» በሚለው ስር ሁለት ቃል ያስቀምጣል፦
«ደኅና ናት።»
በሚቀጥለው እሑድም፦ «ደኅና ናት።»

አሥራ ሁለቱ ደቂቃ አለቀ። ሰዓት የያዘው ኖልቤርቶ
ምልክት አላሳየም፤ ቆመ እንጂ፣ ቆቡን አውጥቶ።
ኤደልሚራ ጣደችው፣ ክዳን የለሹን ድስት፣ ያንኑ፤
እንፋሎት ነው አልኩ የመነጽሬ መዳፈኑ።

በቃለ ጉባዔው ላይ፣
«ሰማንያ ዘጠኝ ተገኙ» ከሚለው መስመር በታች፣
በብዕር ጨመርኩ፦ «ዘጠናኛዋም መጣች።»