ማን ይቁጠር?

ስምንት ዓመት ድምፃቸው ጠፍቶ፣
ተስፋ ቆርጬ፣ ስማቸው ያለበት ካናቴራዬ መወልወያ ሆኖ ተቀድዶ አልቆ፣
ማክሰኞ ሌሊት፣ አሽዶድ ወደብ፣
(ውጭ ሐምሌ ነው፤ ባሕሩን ራሱን ያልበዋል፤ እኔ ግን በወፍራም ካፖርት ስከበብ)
በሁለት ግንብ የዓሣ ካርቶን መሃል ፎርክሊፍቴን ሳሽከረክር፣
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ።
«መጋዘን ዘጠኝ፣ አዲስ አልበም።» ጓንቴን በጥርሴ ጎተትኩ፤
የቀዘቀዘ ጣቴን ስልኬ አላውቅህም ብሎ ተከራከረ።

አሥር ዘፈን። አርባ አንድ ደቂቃ።
የእኔ ዕረፍት ሃያ ብቻ። ማን ይቆጥረዋል? በቃ።

ጊታሩ ያው ነው፤ ገና ሲጀምር የሚያውቀኝ፣
ቆርቆሮ ላይ ሚስማር እንደሚጎትት ልጅ፣ ጥርሴን የሚያፋጨኝ።
ከበሮው ግን
ከበሮው ንጹሕ ነው፤ የታጠበ፣ የተተኮሰ፣
እንደ ባንክ ሠራተኛ ሸሚዝ ላብ ያልነካው፣ በልክ የተለበሰ።

ሻኡል የለም።
ፊደሉን በጣቴ አስፍቼ ሦስቴ ፈለግሁ ስሙን፤
ዮታም የሚባል ልጅ ነው ያለው። እግዜር ያሳድገው፤
ግን ማን ነገረው የሻኡልን ጥመቱን?

ሻኡል ይዘገይ ነበር፤
በአንዲት ፀጉር ውፍረት፣ ሁልጊዜ፣ ከባሱ ኋላ ሲደናበር፤
እንደኛ ሰፈር አውቶቡስ፣ ቀረ ሲሉት ከች የሚል፣
ትንፋሽ አስይዞ አቆይቶ፣ ደረትህን በክርን የሚደቃህ ያህል።

ያን መዘግየት ነው የወደድኩት፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣
ከታከለ ጋር አጥር ዘልለን፣ ሱሪዬ ተቀዶ፣ ደምቶ ባቴ፣
ቤር ሸቫ፣ አንድ አሮጌ ጋራዥ ውስጥ፣ ለስልሳ ሰው ሲጫወቱ።
ከስልሳው ጥቁሮቹ እኔና እሱ፤ ዞር እያሉ ያዩን ነበር በየምቱ።
ዘበኛው፣ «ተሳስታችኋል፤ ሬጌው ቀጣዩ በር ነው» አለን።
ታከለም፣ «ሬጌ እንቅልፍ ያመጣብናል፤ እኛን ጩኸት ነው የራበን።»

እናቴ ሲዲውን በበሩ ስንጥቅ ሰምታ፣
«ምነው ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?» አለች፣ በዝግታ።
ሳቅሁባት።

አራተኛው ላይ ቫዮሊን! «የሠርግ አዳራሽ ነው እንዴ?» እያልኩ ተናደድኩ፤
«አርጅታችኋል!» ብዬ ሰደብኳቸው፣ ራሰ በራዬን በቆቤ እየሸፈንኩ።
አምስተኛውን ዘለልኩት።
ስድስተኛው ደህና ነው፤ ኖጋ ባሱን ስትነካው
ከካርቶኑ ጠርዝ በረዶ ረገፈ፤ ወይም እኔ ነኝ በክርኔ የመታሁት።

ሰባተኛው ላይ፣ መሃል መንገድ፣ ሁሉም አቆመ።
ስልኩ የሞተ መሰለኝ። አልሞተም፤ ሰከንዱ ይሄዳል፤
ማቀዝቀዣው ብቻ አጉረመረመ።
አራት ምት፣ ባዶ።
ሻኡል በዱላው ጫፍ ይቆጥርበት የነበረ ቦታ፣
እንደተጠረገ ክፍል፣ ወንበሩ እንዳለ፣ ባዶ።
ዮታም አልነካውም። (ጎበዝ ልጅ፤ የሰደብኩህን ይቅር በለኝ።)
ኤላድ ማይኩ ጥግ ሲተነፍስ ይሰማል፤ አንድ ቃል አልጣለበትም፤
የእናቴ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በኋላ ያኔ መጣብኝ።

ስለዚህ እኔ ቆጠርኩ።
በዕብራይስጥ እሠራለሁ፣ እሳደባለሁ፣ ሕልሜን ካየሁ ቆየሁ በሱ፤
አፌ ግን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለ፣
በእናቴ ቋንቋ፣ ሳላዘው፣ በራሱ።
አራቱ ላይ ዘገየሁ፣ በአንዲት ፀጉር ውፍረት።
ጊታሩም ጠበቀኝ፤
ወይ እንደዚያ መሰለኝ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያች ሰዓት።

ታከለ ከአፉላ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤
«ሰባተኛው» አለ።
«ሰባተኛው» አልኩት።
ከዚያ ሁለታችንም ዝም።

አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን በጣቱ ይመታል።
ካርቶኑን አነሳሁ።
ሦስት ዘፈን ይቀረኛል። አልቸኩልም።